ሰበብ የሌለው መንገደኛ

የአገራችን ሰው መንገድ አይፈራም። ታኅሣሥ 19 ቀን ቁሉቢ ገብርኤልን ለመሳለም ከአራቱም ማዕዘን ይጎርፋል። መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ለመድረስ ገደል ይወጣል። ለለቅሶ ሌሊቱን ሲጓዝ ያድራል፤ ለሠርግ ተበድሮም ቢሆን ይሄዳል። ለሕክምና፣ ለጠበል፣ ለስልጠና፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ለውርስ ክርክር አገር ያቋርጣል። አንድ ነገር ብቻ አያደርግም፤ አገር ለማየት ብሎ ከቤቱ አይወጣም። ጉዞ ሰበብ ይፈልጋል። ሰበብ ካለ ጎንደርም ቅርብ ነው፤ ሰበብ ከሌለ ማዶ ያለው መንደርም ሩቅ ነው።

ካምባ ላይ ይህ ሕግ በተለይ ይጠብቃል። ከአርባ ምንጭ ተነስተው፣ ገረሴን አልፈው፣ ተራራ ለተራራ ሲመጡ የሚያገኟት ከተማችን ትንሽ ናት፤ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ሻንጣ ይዞ መናኸሪያ የቆመ ሰው ሳይጠየቅ አያልፍም። ጥያቄውም በደረጃ ነው። መጀመሪያ “ምነው፣ በደህና?” ይባላል። ቀጥሎ “ማን ታመመ?” ይመጣል። መልስ ከጠፋ ድምፅ ዝቅ ይልና “አረፉ እንዴ?” ይከተላል። ማንም አልታመመም፣ ማንም አላረፈም ያለ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው። ወይ ቦታ ሊገዛ ነው፣ ወይ ሊዛወር ነው፣ ወይ ሌላ ቦታ ሌላ ትዳር ጀምሯል። “አገር ልጎበኝ ነው” ቢል ማን ያምነዋል? እኔም አላምነውም።

የአጎቴ ልጅ የጉብኝት ዕቅድ የላከው እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነት ከተማ ነው።

ይህ የአጎቴ ልጅ ጀርመን አገር፣ ጀርመኖቹ ቦደንዜ በሚሉት በኮንስታንዝ ሐይቅ አጠገብ መኖር ከጀመረ ቆይቷል። አንድ ቀን ደውሎ “አንተስ አንድ ጊዜ ብትመጣ ምናለ? ጀርመንን፣ ስዊዘርላንድንና ኦስትሪያን አዞርሃለሁ፤ ተራራና ሐይቅ እስክትጠግብ ታያለህ” አለኝ። እኔም እንደ ወጉ “እግዜር ካለ” አልኩት። ካምባ ውስጥ እግዜር ካለ ብሎ ስልክ የዘጋ ሰው ቀጠሮ ይዟል የሚል የለም። እሱ ግን ከጀርመኖች ጋር ብዙ ከርሟልና ነገሩን እንዳለቀ ቆጠረው። ብዙም ሳይቆይ በቴሌግራም ሠንጠረዥ ላከልኝ።

ሠንጠረዡ ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ደቂቃ አለው፣ የባቡር ቁጥር አለው። የምንቀመጥበት ጎን ሳይቀር ተጽፎበታል፤ “በግራ በኩል፤ ሐይቁ የሚታየው በግራ ነው” ይላል። ባቡሩ በ10፡04 ይነሳል። እነዚያ ከአሥር ሰዓት የተረፉ አራት ደቂቃዎች ሥራቸው ምን እንደሆነ ብዙ አሰብኩ። ምሳ ሰዓት ተቆርጦለታል፤ ፎቶ መነሻም እንዲሁ። ከሁሉ የገረመኝ ግን አንዱ ከሰዓት በኋላ ላይ የሰፈረው ነው። “በነፃነት መንሸራሸር፣ ከ15፡00 እስከ 15፡45” ይላል። ነፃነት እንኳ አርባ አምስት ደቂቃ ተሰፍሮለታል።

መንገዱ እንዲህ ነው። ዙሪክ ይወረዳል፤ ከዚያ ሉሰርን፤ ከሉሰርን ፒላቱስ ተራራ። ፒላቱስ ላይ የሚወጣው ባቡር ጥርስ ያለው ሐዲድ እየነከሰ እስከ 48 በመቶ ያዘነበለ ገደል ይወጣል፤ በዓይነቱ በዓለም ላይ ከእሱ የባሰ ዳገት የሚወጣ የለም። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1889፣ አፄ ምኒልክ በነገሡበት ዓመት ነው። ቀጥሎ ኢንተርላከን፤ ከተማዋ በቱንና በብሪየንዝ ሐይቆች መካከል ተቀምጣለች። ከኢንተርላከን ዩንግፍራውዮህ፤ ጋራውን በስተው ባቡሩን 3,454 ሜትር ከፍታ ላይ ያደረሱበት ጣቢያ ነው። ቁፋሮውን የጀመሩት በዓድዋው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ የጨረሱት በ1912 ነው። እኛ ስንነግሥና ስንዘምት ሰዎቹ ጋራ ሲበሱ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ራሱ ኮንስታንዝ ሐይቅ አለ። ጀርመን፣ ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ ከበውት ተቀምጠዋል፤ በዋናው የሐይቁ ክፍል ላይ ድንበራቸው የት ጋ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ በአንድ ውል አልተስማሙም። ጦርም አልተማዘዙም፤ ጀልባውም በሰዓቱ ይነሳል። ከሐይቁ ወዲያ የኖይሽቫንሽታይን ግንብ ይመጣል። የባቫሪያው ንጉሥ ዳግማዊ ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1869 ያስጀመሩት ከሰው ተለይተው ሊኖሩበት ነበር። በ1886 ሞቱ፤ በሰባተኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር አርባቸው በወጣ በሳምንቱ ግድም፣ ግንቡ በቲኬት ለሕዝብ ተከፈተ። ብቻውን ለመኖር ግንብ የሠራ ንጉሥ ዕጣው ይኸው ነው። በመጨረሻም የጀርመን ረጅሙ ተራራ ጹግሽፒጸ፣ ከዚያም ሞዛርት የተወለደባት ሳልዝቡርግ።

ዕቅዱን ለቤተሰብ ጉባኤ አቀረብኩ። ቀድመው የተናገሩት አጎቴ ናቸው፤ የልጁ አባት። አንብቤላቸው ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። “ለመሆኑ” አሉ በመጨረሻ፣ “ልጄ ይህን ሁሉ ዘመን ጀርመን አገር የተቀመጠው ተራራ ሲያይ ነው? እኔ ሥራ ላይ መስሎኝ!”

ባለቤቴ ዋጋ ጠየቀች። ዩንግፍራውዮህ ደርሶ ለመመለስ ሙሉ ዋጋው ለአንድ ሰው ከ200 የስዊስ ፍራንክ በላይ ነው አልኳት። ወደ ብር መታችው፤ ብሩን ወደ ቆርቆሮ ቀየረችው፤ ከዚያ ጣሪያችን ምን ያህል እንደሚያፈስ አስታወሰችኝ። “ተራራ ለመውጣት ይከፈላል?” አለች ቀጥላ። “እዚህ እንጨት ተሸክማ ዳገት ቁልቁለት የምትለውን ሴት ማን ከፈላት?” ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ጎረቤታችን እማማ ጨው ሊበደሩ መጥተው ጨዋታው ጥሟቸው ተቀምጠው ነበር። “እዚያስ ምን አለ?” አሉኝ። “በረዶ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ።” “በረዶ ልታይ? ክረምት ገብሳችንን ሲያወድመው የት ሄደህ ነበር?” አሉና ጨዋቸውን ይዘው ወጡ። ማታ ላይ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። የሰማው ግን “ሊጎበኝ ነው” የሚለውን ሳይሆን “ሊቀር ነው” የሚለውን ነው። አንድ ወዳጄ በማግስቱ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ “ቴሌቪዥኑን ለማን ትተዋለህ?” አለኝ።

ካምባ አላመነኝም፤ እሺ። አውሮፓ ግን ያምነኛል ብዬ ነበር። ለሦስቱም አገሮች አንድ የሼንገን ቪዛ ይበቃል። ማመልከቻ ቅጹ ከካምባ ሰው ይሻላል፤ የጉዞ ዓላማ በሚለው ሥር ቱሪዝም የሚል ሳጥን አለው። ችግሩ ሳጥኑ ላይ ምልክት ካደረጉ በኋላ ያለው ነው። ክፍያው 90 ዩሮ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ። የባንክ ሒሳብ መግለጫ። የሥራ ደብዳቤ። የማድሪያ ማረጋገጫ። ደርሶ መልስ ትኬት። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት፣ መንግሥታችን ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን በመቀበል ረገድ አልተባበረኝም ብሎ፣ ለኢትዮጵያውያን መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳድጎታል። ሐይቅ አይቶ ለመመለስ ነው ይህ ሁሉ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን መመለስህን ማሳመን ነው። ወደ አገርህ የሚጎትትህ ምን አለ ነው ነገሩ። ይህን ስሰማ ልቤ ደስ አለው፤ ማስረጃው ጓሮዬ ቆሟልና። እንሰት አለኝ። እንሰት ተተክሎ በነጋታው አይነሳም፤ እያዛወሩ እያሳደጉት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ኮባውን እያየ፣ ቆጮውን እያሰበ የሚኖር ሰው ወዴት ይጠፋል? ጋሞ ውስጥ የእንሰቱን ጓሮ ያየ አማች እንኳ ልጁን ያለ ጥያቄ ይሰጣል። የአጎቴ ልጅ ግን “እንሰት አይሆንም፤ የባንክ ደብተር ላክ” አለኝ። የባንክ ደብተሬን ያየ ደግሞ እንኳን ቪዛ ልጁንም አይሰጠኝም።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። የካምባዋ እማማና የአውሮፓው ቪዛ ፈቃጅ ተገናኝተው ባያውቁም በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሁለቱም “ምን ልትሠራ?” ይላሉ፤ ሁለቱም “ለማየት” የሚለውን መልስ አያምኑም። የእኔ ቢጤ ኢትዮጵያዊ ሊሠራ፣ ሊማር፣ ሊታከም፣ ሊሰደድ ይችላል። ቆሞ ተራራ ሊያይ ይችላል ብሎ የሚገምት ግን በሁለቱም ወገን የለም።

ታሪክ ብናገላብጥም ሰበብ የሌለው መንገደኛ ብርቅ ነው። ከእኛ ወገን ቀድመው አልፕስን ተሻግረው ጀርመን ከገቡት አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ሮም ላይ ከጀርመናዊው ምሁር ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋውቀው ነበርና እ.ኤ.አ. በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጠርተዋቸው ሄዱ። አልፕስን ሳያቋርጡ ከሮም ጎታ አይደረስም። ይሁን እንጂ የጎታ ሰዎች አባን የፈለጓቸው ተራራ ሊያሳዩዋቸው አልነበረም፤ ግዕዝና አማርኛ ሊማሩባቸው ነው። ሉዶልፍ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1698፣ የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። አባ ሰበብ ነበራቸው ማለት ነው። የባንክ መግለጫ መጠየቃቸው ግን በየትም አልተጻፈም።

ከዚያ ወገን ወደ እኛ የመጡትም ያው ናቸው። አልፍሬድ ኢልግ የተወለደው ፍራውንፌልድ ነው፤ ኮንስታንዝ ሐይቅን በሚያዋስነው በቱርጋው ካንቶን። እ.ኤ.አ. በ1879 አንኮበር የደረሰው ግን ለምኒልክ መሐንዲስ ሊሆን እንጂ ተራራችንን ሊያደንቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ደግሞ የፍራንክፈርቱ ፍሮቤኒየስ ተቋም ተመራማሪዎች በደቡቡ አገር ተዘዋወሩ። ከመካከላቸው ሄልሙት ሽትራውበ ጋሞ ተራሮች ላይ ወጥቶ፣ ዶርዜን ሳይቀር አጥንቶ፣ በ1963 ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። አያቶቻችን ያን ደብተር ያዥ ሰውዬ “ምን ልትሠራ መጣህ?” ብለው ጠይቀውት ይሆናል። “ላጥና” ብሎ ይሆናል፤ ጥናት ደግሞ የተከበረ ሰበብ ነው።

የቪዛው ነገር እንዲህ ሲንገታገት እኔ ሥራ አልፈታሁም፤ የሠንጠረዡን ቁጥሮች ይዤ ከቤታችን ቁጥሮች ጋር ማመሳከር ጀመርኩ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የወጣው። ያ ሦስት አገር የሚዋሰነው ኮንስታንዝ ሐይቅ ስፋቱ 536 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የእኛው አባያ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሁለት ኮንስታንዝ ውጦ ያድራል። የጀርመን የመጨረሻው ከፍታ ጹግሽፒጸ 2,962 ሜትር ነው። የእኛዋ ጨንቻ ከተማ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ጀርመን ጫፉ ላይ መስቀል ተክሎ፣ ባቡርና የገመድ ፉርጎ ዘርግቶ፣ ቲኬት ቆርጦ በሚያሳየው ከፍታ ግድም ላይ የጨንቻ ሴቶች ቅቤ ይሸጣሉ። እንጦጦ አናት ላይ የወጣ የአዲስ አበባ ሯጭ ደግሞ ሳያውቀው ጀርመንን በሙሉ ቁልቁል ሮጦባታል። ኢንተርላከን በሁለት ሐይቆች መካከል ናት? አርባ ምንጭም በአባያና በቻሞ መካከል ናት፤ ያውም በቻሞው በኩል አዞና ጉማሬ ተጨምሮበት። ቱርጋው በፖም ይታወቃል? ጨንቻም በፖም ይታወቃል። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ እኛ ደግሞ አባያን ሳናይ ቦደንዜን ልናመሰግን ነበር።

ሳናይ ያልኩት እንዲሁ ለወግ አይደለም። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የካምባ ሠራተኛ አባያን የሚያውቀው በስልጠና አዳራሽ መስኮት ነው። አርባ ምንጭ እንጠራለን፤ አበል እንፈርማለን፤ ሴቻ ሰፈር ካለው አዳራሽ እንገባለን። በመስኮቱ በኩል ታች ቀላ ያለ ውሃ ይታያል። አሠልጣኙ “ትኩረት እባካችሁ” ይልና መጋረጃ ይዘጋል፤ ፕሮጀክተሩ ብርሃን አይወድም። አንድ ጊዜማ የስልጠናው ርዕስ ራሱ የቱሪዝም ሀብታችንን ስለ ማስተዋወቅ ነበር። መጋረጃው ያኔም ተዘግቷል።

አጎቴም ቢሆኑ አርባ ምንጭን ጠንቅቀው ያውቋታል፤ ፍርድ ቤቷን፣ ሆስፒታሏንና መናኸሪያዋን። የአጎቴ ልጅ፣ ያ ስዊዘርላንድን በደቂቃ ከፋፍሎ የሚያውቀው ሰውዬ፣ ቻሞን አይቶ አያውቅም፤ ከካምባ የወጣ ዕለት አርባ ምንጭ አድሮ፣ በሌሊት አውቶቡስ ይዞ ነው የሄደው። ይህን ስነግረው ስልኩ ላይ ዝም አለ። ከዚያ “ዘንድሮ እኔ ልምጣ፤ ዕቅዱን አንተ አውጣ” አለኝ።

ከጀርመን የመጣን ሰው በዕቅድ ማስደሰት ቀላል እንዳይመስላችሁ። “ከካምባ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ይነሳል?” አለኝ።

“ጠዋት።”

“ጠዋት ስንት ሰዓት?”

“ሲሞላ።”

“ስንት ሰዓት ይሞላል?”

“እሱ እንደ ገበያው ቀን ነው።”

በሠንጠረዡ ላይ፣ 10፡04 በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ፣ “ሲሞላ” ብሎ ጻፈ። ስዊዘርላንድ ቢሆን ለዚህ ቃል ብቻ አንድ ሚኒስትር ሥልጣን ይለቅ ነበር።

መስቀል አልፎ፣ ዝናቡ ቀለል ሲል ሄድን። አጎቴም “ልጄን ብቻውን አልለቅም” ብለው ተከተሉ፤ ሰበብ አገኙ ማለት ነው። መጀመሪያ ከሴቻ ቋፍ ላይ ቆመን ቁልቁል አየን። በግራ አባያ ቀልቶ፣ በቀኝ ቻሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ኮረብታ ተጋድሟል። አባያን የሚያቀላው ወንዞች ከየደጋው እያጠቡ የሚያስገቡት ደለል ነው። አጎቴ ይህን ሲሰሙ “እንግዲያው እርሻዬ የሄደው እዚህ ነው” አሉ። ከፊታችን እ.ኤ.አ. በ1974 የተከለለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ተዘርግቷል፤ ለከተማዋ ስም ያወጡላት ምንጮችም ታች ጫካው ውስጥ ናቸው።

ወደ ጫካው ስንገባ አንድ ወጣት አስጎብኚ በፈገግታ ተቀበለንና በትከሻችን ላይ አሻግሮ ወደ ኋላችን አየ።

“እንግዶቹ የት አሉ?”

“እኛ ነን” አልነው።

“አይ፣ ማለቴ… እንግዶቹ።”

ፈረንጁን እየፈለገ ነበር። እኛን ሾፌር፣ አስተርጓሚና የአገር ሽማግሌ አድርጎ መድቦናል። ከካምባ መምጣታችንን ስንነግረው ጭራሽ ግራ ገባው፤ ከሆቴልና ከስብሰባ ማስታወሻ ደብተር ውጪ ከካምባ ሰው የሚጠበቅ ነገር የለማ! ደግነቱ ልጁ ጨዋ ነው፤ የአገሬው ሰው ስለ አገሩ ሲጠይቀው ደስ ብሎት ከተለመደው በላይ አስረዳን።

በማግስቱ ማለዳ በጀልባ ቻሞ ገባን። የአዞ ገበያ የሚባለው ዳርቻ ላይ ሻጭም ገዢም የለም፤ አዞ ብቻ ነው። ሆዳቸውን አሸዋ ላይ ጥለው፣ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው፣ ሳይነቃነቁ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከሰዓት በኋላ ያለውን የስልጠና ክፍለ ጊዜ ቁርጥ! አጎቴ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩአቸውና “እነዚህ ምንም ሳይሠሩ ሰው ከፍሎ ያያቸዋል?” አሉ። “አዎ” አለ ጀልባ ቀዛፊው። “እኔ አርባ ዓመት ሳርስ ማንም ከፍሎ አላየኝም” አሉ። ምሳ ላይ በዳጣ የቀረበ ዓሣ ሲበሉ ግን ተቃውሟቸው ለዘብ አለ። ሁለተኛውን ዓሣ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ከሰዓት ወደ ጨንቻ ወጣን። 36 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህች መንገድ ውስጥ ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ታች ሙዝና ማንጎ ነው፤ ቀጥሎ እንሰትና ቀርከሃ ይመጣል፤ ላይ ፖምና ብርድ። ጀርመናዊው የአጎቴ ልጅ ጃኬት አልያዘም ነበር፤ “አፍሪካ ነው ብዬ” አለ። ዶርዜ ላይ በዝሆን ቅርጽ ከቀርከሃ የሚሠራውን ቤት አየን። ረጅም ሆኖ ይተከላል፤ ከሥሩ ምስጥ እየበላው ያጥራል፤ ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ ሰው ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞት ይሄዳል። ሽሮ ሜዳ ላይ የምንገዛውን ጥበብ የሚሠሩት እጆች ከወዴት እንደመጡም እዚያ ይታያል።

ዶርዜ ውስጥ የኖረው ዳን ስፐርበር የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር በጽሑፉ ያስቀመጣት አንዲት ነገር አለች። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ፤ ቢሆንም ረቡዕና ዓርብም ከብታቸውን እንደሌላው ቀን አጥብቀው ይጠብቃሉ። ምሁሩ በዚህ ብዙ ተመራምሯል። አጎቴ ግን ምርምር አላስፈለጋቸውም። “ትክክል ነው” አሉ፤ “ረቡዕ የጾመ ሐሙስ ያካክሳላ! ደግሞስ የነብር የቀን መቁጠሪያ ከእኛ ጋር መግጠሙን ማን አየ?”

ስንመለስ ቀሪውን ዕቅድ አጎቴ ራሳቸው አወጡ። በካምባ ጀርባ፣ በቆላው በኩል፣ በ1997 ዓ.ም. የተቋቋመው ማዜ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ቆርኬ አለበት፣ አንበሳ አለበት፣ ፍል ውሃ አለበት። “ፍል ውሃው ለጉልበቴ ይሆናል” አሉ አጎቴ። ሰበብ አሁንም አልቀረላቸውም፤ ግን ዓይናቸው ቆርኬው ላይ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። የእኛ ሐይቅ ከእነሱ ሐይቅ ይበልጣል ብሎ መፎከር ምንም አይጠቅምም፤ አባያን የሠራነው እኛ አይደለንም፣ የዩንግፍራውን ተራራም የሠሩት እነሱ አይደሉም። እነሱ የሠሩት አግዳሚ ወንበሩን፣ መንገዱን፣ ምልክቱንና የመነሻ ሰዓቱን ነው። ተራራ ማየትንም ቢሆን የተማሩት ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ የመጀመሪያውን የስዊዘርላንድ የቡድን ጉብኝት የመራው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው፤ የዚያ ዘመን የአልፕስ እረኛ ጃንጥላ ይዞ ዳገት የሚወጣውን መንገደኛ ሲያይ ከእማማ የተለየ ነገር አላሰበም ብዬ እገምታለሁ። ዛሬ የዚያ እረኛ የልጅ ልጆች ተራራውን ለዓለም ከማሳየት አልፈው ቅዳሜና እሑድ ራሳቸው ይወጡታል። አገሩን አይቶ የማያውቅ ሰው ለእንግዳ ምን ያሳያል? ያላዩት አገር አይናፍቅም፤ ያልናፈቀውን ደግሞ የሚንከባከብ የለም።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቶቻችን አንድ ልመና አለኝ። አርባ ምንጭ ላይ ስልጠና ስትጠሩን ከሰዓት በኋላ ያለውን አንዱን ክፍለ ጊዜ ሰርዙና ጀልባ ተከራዩልን፤ ከአበላችን ቁረጡት፣ አንቀየምም። መምህራን ሆይ፣ አባያን በካርታ ላይ የምታሳዩት ተማሪ ሐይቁ አጠገብ ተወልዶ ሐይቁን ሳያይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንዳይጨርስ። እናንተም አንባብያን፣ ታኅሣሥና ጥር ደረቅ ናቸው፤ ለቻሞ ባርኔጣ፣ ለጨንቻ ጃኬት ያዙ፤ ሽማግሌ ካላችሁ አስከትሉ። መናኸሪያ ላይ “ምነው፣ በደህና?” ለሚላችሁም “በደህና፤ ለማየት ነው የምሄደው” በሉት። ካላመናችሁ ትኬት ግዙለትና ይዛችሁት ሂዱ።